እንትፍ ያለችው ማን ናት?

በድሮ ዘመን፣ ሰው ከጅብ ይልቅ ጎረቤቱን በሚፈራበት ዘመን፣ አንድ መንደር ነበረ። ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ይህ ተረት ለብቻ አይሰማም።

ኮረብታው ላይ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። የላይኞቹ በታችኞቹ ድስት ወጥ ይሠራሉ፤ በታችኞቹ እንስራ ውሃ ይቀዳሉ። አብረዋቸው ግን አይበሉም። «ቡዳ ናቸው፤ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ» ይሏቸው ነበር።

በላይኛው መንደር ሽታዬ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጭቃ ሹም ነው፤ የመንደሩ አዛዥ ማለት ነው። ሽታዬ ደግ ነበረች፤ ግን ፈሪ ነበረች። ደግነቷ እስከ ደጃፏ ነው፤ ፍርሃቷ ግን ወንዙ ድረስ ይወርድ ነበር።

እዚያው መንደር ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ምላሱ ማር፣ ሆዱ ኮሶ። የሸክላ ሠሪዎቹን መሬት ይመኝ ነበር፤ ወንዝ ዳር ስለሆነ በበጋም ይለመልማላ።

አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ጥጃ ሞተ። ጓንጉል «የታችኞቹ በልተውት ነው» አለ። ሰውም ሰላምታ ነሳቸው።

ሌላ ቀን የድግስ ጠላ ኮመጠጠ። ጓንጉል «የታችኞቹ አይተውት ነው» አለ። ሰውም ገበያ ከለከላቸው። ድስታቸው ሳይሸጥ፣ ልጆቻቸው ሳይበሉ ከረሙ።

በሦስተኛው ጊዜ የሽታዬ ልጅ እልፍነሽ ታመመች። ገላዋ እንደ ምድጃ ጋለ፤ ቃዠች፤ እናቷን መለየት አቃታት።

ጓንጉል መጣና «የበላቻትማ ሸክላ ሠሪዋ ደብሪቱ ናት» አለ። «በዚህ ስታልፍ ልጅቷን አፍጥጣ አይታታለች። ትምጣና እንትፍ ትበልባት። የበላ ሰው ምራቅ ያድናል። ልጅቷ ከዳነች በላተኛዋ ታወቀች፤ ከነዘመዶቿ ትውጣልን።»

«ካልዳነችስ?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ካልዳነችማ ጨርሳ በላቻት ማለት ነዋ። ያን ጊዜ ቤታቸው ይቃጠላል።»

ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። ፍርሃት ሲገባ ማሰብ ይወጣል፣ ልጆች።

ደብሪቱን በጠራራ ፀሐይ እየገፉ አመጧት። ዓይኗ እንዳያርፍባቸው ፈርተው እሷን ወደ ቤት አስገቡና በሩን ዘጉ። ጭቃ ሹሙም ሳይቀር ውጭ ቀረ። ቤት ውስጥ የቀሩት ሽታዬ፣ ደብሪቱና የታመመችው ልጅ ብቻ ናቸው። ከበሩ ውጭ ዱላ መሬት ሲመታ ይሰማል።

«ትፊባት» አለች ሽታዬ። «ልጄን መልሽልኝ።»

«አልወሰድኳትም፣ እመቤቴ» አለች ደብሪቱ። «ብተፋባትና ብትድን ያባርሩናል። ብተፋባትና ብትሞት ያቃጥሉናል። አልተፋም ብል እዚሁ ይገድሉኛል። እርስዎ እናት ነዎት፤ የቱን ላድርግ?»

ሽታዬ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያም ወደ ልጇ።

«የእኔም ልጅ ባለፈው ክረምት በዚሁ ትኩሳት ሞተች» አለች ደብሪቱ። «የእኔንስ ማን በላት?»

ሽታዬ አስታወሰች። በዚያ ክረምት ከወንዙ ልቅሶ ሲመጣ ሰምታ ነበር። ሰምታም መስኮቱን ዘግታ ነበር።

አሁን ቀና ብላ ደብሪቱን አየቻት። በጥፍሯ ውስጥ ጭቃ ደርቋል። ዱላው መሬት በመታ ቁጥር እንደ ሽታዬ ትደነግጣለች። ሽታዬ እስከዚያች ቀን ድረስ ፍርሃት ያለባቸው የላይኞቹ ብቻ ይመስሏት ነበር።

ከዚያ ሽታዬ ጎንበስ አለች። በልጇ ግንባር ላይ እንትፍ አለች፤ እንትፍ አለች፤ እንትፍ አለች።

ደብሪቱ ደንግጣ ቆመች። ኋላ ግን የነጠላዋን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ የልጅቷን ግንባር ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጠበቁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷን ላብ አጠመቃት። ዓይኗን ገልጣ «እማዬ፣ ውሃ» አለች።

በሩ ተከፈተ።

«አላልኳችሁም?» አለ ጓንጉል። «ዳነች። በላተኛዋ ታወቀች።» ዱላዎች ተነሱ።

ሽታዬ ከደብሪቱ ፊት ቆመች።

«እንትፍ ያልኩባት እኔ ነኝ» አለች። «ደብሪቱ አልተፋችባትም። የበላ ሰው ምራቅ ያድናል ብለሃል፣ ጓንጉል። እንግዲህ ቡዳዋ እኔ ነኛ።»

ጓንጉል ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «እርስዎማ፣ እመቤቴ... እርስዎማ የሰው ልጅ ነዎት። ያ ነገር ለታችኞቹ ነው እንጂ...»

«እነሱስ የምን ልጅ ናቸው?» አለ ጭቃ ሹሙ።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ጓንጉል፣ እነሱ ሲወጡ ወንዝ ዳሩን እኔ አርሰዋለሁ ያልከኝ ለካ ለዚህ ነው» አለው።

ዱላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

ጓንጉል አፍሮ ከመንደሩ ጠፋ። በሄደበት አገር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አንዲት ላም ወተቷ ነጠፈ። የአገሩ ሰው «ይህ መጤ ዓይኑ ደስ አይልም» አለ። ማለ፣ ተገዘተ፤ ማን ይመነው? ሁልጊዜ እየፈራ፣ ከአጥር ውጭ ብቻውን ኖረ።

ሽታዬ ሰንብታ ወደ ወንዙ ወረደች። ደብሪቱ ደስ አላላትም፤ ግን በሸክላ ዋንጫ ውሃ ሰጠቻት። ሽታዬ ዋንጫውን ወደ አፏ አስጠግታ መልሳ አራቀችው። የቆየ ፍርሃት በአንድ ጊዜ አይለቅም፣ ልጆች። ቢሆንም ጠጣች።

«ልጄ የሞተች ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ጥሩ ነበር» አለች ደብሪቱ።

«ልክ ነዎት» አለች ሽታዬ። ደብሪቱን «እርስዎ» ብላ አታውቅም ነበር። «ስሟ ማን ነበር?»

«ጥሩዬ።»

ሽታዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። የዘገየውን ለቅሶ ሁለቱ አብረው አለቀሱ።

ልጆች፣ ምክሩ ይኸው ነው፦ በሌላው ላይ የምትፈርዱትን ፍርድ አስቀድማችሁ በራሳችሁ ልክ ለኩት። ጠበበን ካላችሁ ለማንም አይበቃም።

እኔ ተናገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ የቀረውን ልባችሁ ይጨርሰው።