የልብስ ሰፊው አኮርዲዮን

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሆሳዕና ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናውን እየረገጠ የሚውል፣ ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው። ስሙን ላምቦሬ እንበለው። ላምቦሬ የሰፋው ሱሪ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም ይባልለት ነበር።

ይህ ሰው ለብዙ ዓመት አንድ ነገር ሲመኝ ኖረ። ምን ይመስላችኋል? ቤት? ቤትስ አለው። መኪና? መንዳትም አይችል። የሚመኘው አኮርዲዮን ነበር።

አትሳቁ። አኮርዲዮን ነው።

ከወጣትነቱ ጀምሮ ከመዘምራን ጋር አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ያስተማሩት የመዘምራኑ መሪ፣ ጋሽ ሶፎንያስ ናቸው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ይዘው፣ «ይቺ እዚህ፣ ያቺ እዚያ» እያሉ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ያስቆሙትም እሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ፣ ጉባኤው ሞልቶ ሳለ፣ ላምቦሬ ዜማ ሳተ። ጋሽ ሶፎንያስ ዞር አሉና፣ «ተወው በቃ! ኪቦርድ የሚችል ልጅ አግኝተናል። አንተ ሱሪህን ስፋ» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እናንተስ ሰው በተሰበሰበበት ተስቆባችሁ ያውቃል? እንግዲያው ላምቦሬ ምን እንደተሰማው አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አኮርዲዮኑ የቤተ ክርስቲያኑ ነበርና ወንበሩ ላይ አስቀምጦት ወጣ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት አልነካውም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን አልተወም። መጥቶ የኋላው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ጸሎቱ ሳያልቅ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጋሽ ሶፎንያስን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ባርኔጣውን ብቻ አንሥቶ ያልፋል።

ጣቶቹ ግን አልረሱም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጠረጴዛው ላይ ይጫወታሉ። ባለቤቱ ወይዘሮ ታፈሱ ይህን ስታይ ኖረች። አንድ ቀን ግን ምሳውን ይዛለት መጥታ፣ «የእህትህ ልጅ ጣሊያን አገር አይደል እንዴ ያለው? ለምን አትነግረውም?» አለችው።

«ምኑን?»

«አኮርዲዮን እንዲልክልህ ነዋ። ጠረጴዛውን እኮ ጨረስከው።»

ላምቦሬ ለእህቱ ልጅ ደወለ። «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም አልጫወትም። በሬን ዘግቼ ለራሴ ብቻ ነው» አለው። ልጁም ያገለገለ ቀይ አኮርዲዮን ፈልጎ በካርጎ ላከለት። ከአንድ ወር በኋላ ዕቃህ አዲስ አበባ ገብቷል ተባለ። ላምቦሬ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ዕቃ ከጉምሩክ ያወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ቅጽ አለ፣ ኮፒ አለ፣ ኮፒው ደግሞ ኮፒ አለው። ወረፋው ውስጥ ከላምቦሬ ፊት አንዲት ሴት ነበረች። ለእናቷ ተሽከርካሪ ወንበር ተልኮላት፣ አንድ ወረቀት ጎድሎባት አራተኛ ቀኗን የተመላለሰች ሴት ናት። መስኮቱ ጋ ስትደርስ፣ «ፊርማ እስኪመጣ ጥግ ላይ ይቀመጡ» ተባለች። ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ድካም እንጂ ሌላ ነገር አይታይም።

ላምቦሬ ተራው ደረሰ። ሠራተኛዋ ወጣት ናት። ሣጥኑን አስከፍታ አኮርዲዮኑን አየችው።

«አባት፣ ይሄ ለግል መገልገያ ነው ወይስ ለንግድ?»

«ለግል ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ ራስዎ ይጫወቱታል ማለት ነው?»

አልጫወትም ቢል ታዲያ ለምን አስመጣው? እጫወታለሁ ቢል ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት አልተጫወተም። «ድሮ እጫወት ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«አይ አባት፣ አንዳንዱ ለራሴ ነው ብሎ ያስገባና በሳምንቱ ሱቅ ላይ ተሰቅሎ እናገኘዋለን። እስቲ ትንሽ ያሰሙኝ።»

«እዚህ?»

«እዚህ። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ካርቶን ብቻ ነው የማየው።»

ላምቦሬ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። አርባ የሚሆን ሰው ቆሟል፤ አርባውም እሱን ያያል። «በሉ ይቅርብኝ፣ መልሱት» ሊል አፉን ከፈተ። ግን ጣቶቹ ቀደሙት። ማንገቻውን ትከሻው ላይ አደረገ፤ የአኮርዲዮኑን ወናፍ ሳብ አደረገው።

የወጣው ድምፅ የታመመ ጥጃ ይመስል ነበር። አንድ ሰው ሳቀ።

ያንን ሳቅ ላምቦሬ ያውቀዋል። ወናፉን መልሶ ዘጋው።

ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት፣ «ይቀጥሉ እንጂ፣ አባባ! ከዚህ ወረፋ የባሰ ምን ይመጣብናል?» አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ላምቦሬም ራሱ ሳቀ። እንደገና ወናፉን ዘረጋ። የድሮ መዝሙር ፈለገ፤ ጣቶቹ ግን ያገኙት የሠርግ ዜማ ሆነ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ አትቆጡት፤ ጣት የመጣለትን ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ቀጥሎ ቆመ፣ ከዚያ መሮጥ ጀመረ። ዕቃ የሚገፉት ወዛደሮች ጋሪያቸውን አቁመው አጨበጨቡ። ክራባት ያሰረ አንድ ነጋዴ በፋይሉ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር። ጥግ ላይ ያለችው ሴት በቀጭን ድምፅ ዜማውን አነሣች፤ ሌሎችም ተቀበሏት።

ሲጨርስ ሠራተኛዋ ማኅተሟን አነሣች። «የእርስዎ ነው፣ አባት። ምንም አልጠራጠርም» አለችው።

ሊወጣ ሲል ሴትዮዋ ኮቱን ያዝ አደረገችው። «በአራት ቀን ውስጥ ዛሬ ገና መሳቄ ነው። ለእናቴ ይዤላት የምገባው ወሬ ሰጡኝ» አለችው። ወንበሩ በዚያን ቀን ይውጣላት አይውጣላት ላምቦሬ አላወቀም። ስሟንም አልጠየቃትም።

በአውቶቡሱ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ ሆሳዕና ድረስ አሰበ። «ስሟን ለማላውቃት ሴት የተጫወትኩትን፣ ለጎረቤቶቼ ሃያ ሁለት ዓመት ከለከልኳቸው። ያስተማሩኝን ሰውዬ ደግሞ በባርኔጣ ሳልፋቸው ኖርኩ»። እንዲህ እያለ ደረሰ። ሲወርድም ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ጋሽ ሶፎንያስ ቤት ሄደ።

ጋሽ ሶፎንያስ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል። ላምቦሬ ፊታቸው ተቀመጠና ያንን የሳተውን መዝሙር ጀመረ። ሽማግሌው ትንሽ አዳመጡ፤ አልሰማ አላቸው። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ወናፉ ላይ አደረጉ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንዲያ ሆነው እስከ መጨረሻው ቆዩ።

ከዚያ፣ «ሦስተኛዋ ጣትህ አሁንም ትዘገያለች» አሉት።

ላምቦሬ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን እጁን ያዙት፤ አለቀቁትም። «ያን ዕለት የተናገርኩህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ይቅር በለኝ ልልህ ስንት ጊዜ ሱቅህ በር ድረስ መጥቻለሁ መሰለህ» አሉት።

«ታዲያ ለምን አልገቡም፣ ጋሼ?»

«አፈርኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንተ ባርኔጣህን ታነሣለህ፤ እኔም ያችን ሰላምታ ብቻ ይዤ እመለሳለሁ።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ ታፈሱ ባሏ መጥፋቱ አስጨንቋት ፍለጋ ስትወጣ፣ ድምፁን ከመንገድ ሰምታ ነው ያገኘችው። እስከ ዛሬ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ቤት አኮርዲዮን አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ወገኖቼ።

ከእናንተ መካከል ላምቦሬ ማነው? አንድ ቀን ተሳቀብኝ ብላችሁ እግዚአብሔር የሰጣችሁን ነገር ዘግታችሁ የተቀመጣችሁ አላችሁ። አንዷ ታማሚ ታጽናና ነበር፤ ትታዋለች። አንዱ ልጆች ያስተምር ነበር፤ ትቶታል። አንዷ ስትጸልይ የሰው ልብ ይነካ ነበር፤ ዛሬ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። የሳቀባችሁ ሰው ምናልባት ረስቶታል። የደከማት ሴት ግን አሁንም ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ለእሷ ማን ይጫወትላት?

ከእናንተ መካከል ጋሽ ሶፎንያስስ ማነው? እጅ አታውጡ፤ እኔም አላወጣም። ግን አንድ ቃል ተናግረን ሰው ያስቀመጥን አለን። መሳሳታችንን እናውቃለን። ቀኑንም፣ የለበሰውንም ልብስ እናስታውሳለን። ይቅርታ ልንል ተነሥተን፣ በሩ ድረስ ሄደን፣ ተመልሰናል። አልተመለስንም?

ሃያ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ ወንድሞቼ። ረጅም ነው፣ እህቶቼ። ሽማግሌው ዜማውን ሲያገኙት በጆሯቸው መስማት አልቻሉም፤ በመዳፋቸው ነው የሰሙት። እናንተ ግን ጆሯችሁ ገና ይሰማል። ያ ሰውም ገና አለ፤ ቤቱንም ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ምሳችሁ አትቸኩሉ። በዚያ በር በኩል እለፉ። በሩ ድረስ ሄዳችሁ አትመለሱ። አንኳኩ።