የጊታሯ ቅርጫ

አንድ ጊዜ ከትልቁ የመኪና መንገድ ግርጌ፣ ወንዝ በከበበው ጫካ ውስጥ፣ አንድ አህያ በእንግድነት ተጠግቶ ይኖር ነበር። ይህ አህያ በጉብዝናው ዘመን ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚዞር የአንድ ጊታር ተጫዋች ጓዝ ተሸካሚ ነበር። ጌታው መኪና የገዛ ዕለት ግን «ከእንግዲህ ምን ትጠቅመኛለህ?» ብሎ መንገድ ዳር ጥሎት ሄደ። አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከመውን ጀርባ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

የጫካው ሕግ ቀላል ነበር። እንግዳ ክረምቱን በሰላም ይቀመጣል። ክረምቱ ሲወጣ ዋርካው ሥር በአያ አንበሶ ፊት ቆሞ «ለዚህ ጫካ ይህን አመጣሁ» ይላል። ያለው ነገር ከታየለት ይኖራል፣ ካልታየለት ወንዙን ይሻገራል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሕግ የለም፤ ያለው አያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ያን ክረምት በአህያው ደጃፍ ባለፈ ቁጥር «እንደምን አደርክ?» አይልም። «ስንት ቀን ቀረን?» ነው የሚለው። አህያው ደግሞ ምን ያድርግ፣ ሣሩን እያኘከ አንገቱን ይደፋል።

ክረምቱ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከላይ መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲታጠፍ የጓዙ ገመድ ላላና አንዲት ጊታር በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለች ተንከባላ ወርዳ ዋርካው ሥር አረፈች። እንስሳቱ ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ቀድሞ ብርድ ልብሱን በጥርሱ ገልጦ አሸተታት።

«ሆድ አላት፣ አንገት አላት፣ ስድስት ጅማት አላት» አለ። «ጭንቅላቷን ማን በላው? እኔ አይደለሁም!»

አህያው ግን ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አያ ጅቦ፣ ይህች እኮ ጊታር ናት። እንደሷ ያለችውን አሥራ ሁለት ዓመት ተሸክሜያለሁ። ድምፅ አላት። ድምፅ ብቻ? ሙሽራ ታስለቅሳለች፣ ሽማግሌ ታስጨፍራለች!» ከዚያ ወደ አያ አንበሶ ዞረና ጉልበቱን አጠፈ። «ጌታዬ፣ ለዚህ ጫካ የማመጣው የእሷን ድምፅ ነው። በቀጠሮው ቀን አሰማዎታለሁ።»

«መልካም» አለ አያ አንበሶ። «ካሰማኸን ትኖራለህ። ካላሰማኸን ወንዙን ታውቀዋለህ።»

ይህን ስትሰማ እመት ቀበሮ ልቧ ተረበሸ። አያ ጅቦ አህያ በበላ ቁጥር ለእሷ የሚተርፋት አጥንት ቀላል አልነበረም። ጭራዋን እያወዛወዘች ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ያለ ባለቤት የመጣ ነገር የጋራ ነው። የጋራ ነገር በአገራችን እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ቅርጫ!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

እውነትም በዚያ ጫካ የጋራ የሆነ ሁሉ በቅርጫ ይከፈል ነበር። በሬም ቢሆን፣ የማር እንጀራም ቢሆን፣ ቅጠል ተነጥፎ መደብ መደብ ይደረግና ዕጣ ይወጣል። ሲከፋፍሉት የሚጠፋ ነገር በዓለም ላይ እንዳለ አንዳቸውም አስበውት አያውቁም። አህያው «ኧረ ተዉ፣ ይህች ነገር አትከፈልም!» ብሎ ቢጮህ «ገና ሳትኖርበት የአገሩን ወግ ልታፈርስ ነው?» አሉት።

ቅጠሉ ተነጠፈ። እመት ጦጢት ጣት ስላላት የጊታሯን የክር መወጠሪያ ቁልፎች አላልታ ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ ፈታቻቸው። የጊታሯ ሆድና ሁለት ክሮች ለአያ አንበሶ ተለዩ፤ የአንበሳ ድርሻ ዕጣ አይወጣበትም። የቀሩት አራቱ ክሮች ዕጣ ሊወጣባቸው ሲል አያ ጅቦ ዘሎ ወፍራሙን አነሳ።

«ይሄ የኔ ነው! ለቀጫጭኑ ተጣሉ። የሰባ ጅማት እያለ ኮሰስ ያለውን ምን አበላኝ?»

ያ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ነበር፤ ጫፉ ላይም የአተር ፍሬ የምታህል የብረት ቀለበት ነበረችው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይኼኛው ብረት ነከሰ። እያኘከ ወደ ጎሬው ሄደ። የመጨረሻው ቀጭን ክር ለእመት ጦጢት፣ ሌላው ለእመት ቀበሮ፣ የቀረው ለአህያው ደረሰ። አህያው ክሩን መሬት ላይ አጋድሞ ቢያየው ዝም፣ በኮቴው ቢነካው ዝም። ሦስት ቀን እህል አልቀምስ አለ፤ በዓይኑ ላይ የሚመጣበት ወንዙ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እመት ጦጢት ከግራር ላይ ሆና ተጣራች።

«አንተ አህያ! ና ስማ! የኔዋ ተናገረች!»

ክሯን ለጨዋታ ብላ በሁለት ቅርንጫፎች መካከል አስራት ነበር። በጣቷ ነካ ስታደርጋት «ትን» አለች። ነፋስ መጥቶ ቅርንጫፉን ሲያዘነብለው ክሯ ተወጠረችና ድምጿ ቀጠነ፤ ነፋሱ ሲያልፍ ክሯ ላላችና ድምጿ ወፈረ።

የአህያው ሁለት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጌታዬ ሠርግ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር! ቁልፉን ሲያጠብቅ ትቀጥናለች፣ ሲያላላ ትወፍራለች። እስቲ የኔንም አጠገቧ እሰሪያት።»

የአህያው ክር ወፈር ያለች ነበረች። እኩል ተወጥራም ድምጿ ጎርነን አለ። ጦጢት ጠጋ ብላ ብታያት ቀጭኗ ክር ዓይን እስክታታልል ስትንቀጠቀጥ፣ ወፍራሟ ቀስ ብላ ትርገበገባለች። ጦጢት በደስታ ቅርንጫፉ ላይ ዘለለች። ቀጥላም በአንድ ጣቷ የክሯን ወገብ ተጭና በሌላው ነካቻት። አሁንም ቀጠነች፤ ክሯ ያው፣ ውጥረቱ ያው፣ ያጠረችው ግን በግማሽ ነው።

«አንዲት ክር ናት፣ ስንት ልሳን አላት በል!» አለች ጦጢት።

እኔም ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። አንዲት ክር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትለካት ከክንድ እምብዛም የማትበልጥ፣ የጣት ቦታ በተለወጠላት ቁጥር ሌላ ነገር ትናገራለች።

«ግን ከዛፉ ሥር ካልቆሙ አትሰማም» አለ አህያው። ጦጢት አሰበችና ውስጡ ባዶ የሆነ ደረቅ ቅል አምጥታ ከክሯ ሥር ደገፈችው። እንደገና ስትነካት ወንዝ ዳር ውኃ ይጠጡ የነበሩ ድኩላዎች ቀና አሉ።

አህያው ሁሉም ነገር ገባው። ክሮቹ ሆዷን ይፈልጋሉ፣ ሆዷም ክሮቹን። የገባው ነገር ግን አላስደሰተውም። «ሆዷና ሁለቱ ክሮች አንበሳ ቤት፣ አንዷ ቀበሮ ቤት፣ አንዷ ጅብ አፍ ውስጥ! ማን ይመልስልኛል?»

ጦጢት ራሷን አከከች። «ቅርጫ አይመለስም። ግን በዋርካው ሥር የተጠራ ምስክር መቅረቱን ሰምተህ ታውቃለህ?»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አያ አንበሶ ዋርካው ሥር ተቀመጠ፣ እንስሳቱ በግራና በቀኝ ቆሙ። አያ ጅቦ ጉንጩ አብጦ፣ አፉን ግጥም አድርጎ መጣ፤ ከከንፈሩ ዳር አንድ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ሰላምታ ቢያቀርቡለት አይመልስም። ስለ እሱ የምትናገረው እመት ቀበሮ ነበረች።

«ጌታዬ፣ ቀኑ ደርሷል። አህያው ድምፅ አመጣለሁ ብሎ ነበር። የታለ ድምፁ? የራሱን ካልሆነ በቀር፤ እሱን ደግሞ ጆሯችን ጠግቧል!»

እንስሳቱ ሳቁ። አህያው ግን ወደ ፊት ወጣ።

«በሕግ አምላክ! ምስክሮች አሉኝ። ስድስት ናቸው፣ በየቤቱ ተበትነዋል። ይቅረቡልኝ!»

አያ አንበሶ ጎፈሩን ነቀነቀ። የተጠራ ምስክር አይቀርም። ሆዷንና ሁለቱን ክሮች ራሱ አስመጣ፣ ጦጢትም የሷንና የአህያውን አቀረበች። እመት ቀበሮ ግን እጇን ዘረጋች።

«የኔዋ ጠፋች፤ አይጥ ወስዷት ይሆናል።»

አህያው አንድ ጆሮውን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ አዞረ። ነፋስ ሽው ሲል ጠብቆ ፈገግ አለ። «አልጠፋችም፣ ጌታዬ። እያንጎራጎረች ነው። ከእመት ቀበሮ ጉድጓድ ደጃፍ፣ በሁለት ችካል መካከል ተወጥራለች።»

ሄደው ቢያዩ እውነት ነው፤ ቀበሮ ለጅግራ ወጥመድ አድርጋታለች። ክሯም ተፈትታ ቀረበች። ከዚያ በኋላ እመት ቀበሮ ከአያ ጅቦ ጀርባ ሄዳ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ያንተስ?» አለ አያ አንበሶ።

አያ ጅቦ አፉን በቀስታ ከፈተ። የክሩ ቀለበት በሁለት መንጋጋዎቹ መካከል ተሰንቅሮ፣ ሳምንት ሙሉ ወይ አይዋጥ ወይ አይወጣ፣ እህል እንዳይቀምስ ከልክሎታል። ጦጢት ጫፉን ይዛ ልትነቅለው ብትስበው ዋርካው ላይ ያሉ ወፎች እስኪበሩ ድረስ ጮኸ።

«አትንቀዪው!» አለ አህያው። «እዚያው ይሁን። አምስቱን ጊታሯ ላይ እሰሪያቸው።»

ጦጢት አሰረች። ከዚያም መቃኘት ተጀመረ። አህያው ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ብቻ ያንቀሳቅሳል። «አጥብቂ፤ ትንሽ ደግሞ፤ አሁን በዛ፣ መልሺ፤ እሷን ተያት፣ ደርሳለች።» እንስሳቱ እስትንፋሳቸውን ውጠው ያያሉ። አህያ እንዲህ የሚሰማ ጆሮ እንዳለው ማን ያውቅ ነበር? ያን ረጅም ጆሮ ዕድሜ ልካቸውን ሲስቁበት ኖረዋል።

አምስቱ ተቃኙ። አሁን የቀረው የአያ ጅቦ ክር ነው፤ እሱን ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ወጥሮ መያዝ አለበት። የጦጢት ሁለት እጆች ጊታሯ ላይ ናቸው። አያ አንበሶ ክብሩ አይፈቅድለትም፣ ሌሎቹም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አህያው እያንዳንዷን እርምጃ እየፈራ ሄደና ክረምቱን ሙሉ ቀኑን ሲቆጥርበት በኖረው አፍ ፊት ቆመ። የክሩን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ክሩ እስኪወጠር ወደ ኋላ ሄደ። በሁለቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት ክንድ ከስንዝር ነበር።

«አያ ጅቦ፣ አፍህን ክፈት» አለች ጦጢት። «የቻልከውን ያህል።»

ከዚያም ጀመረች። ቀጭኗ ክር ተናገረች፣ መካከለኞቹ ተቀበሏት፤ ጦጢትም እግሯን ዘርግታ በአውራ ጣቷ የአያ ጅቦን ክር ነካችው። ከዚያ ባዶ ጉሮሮና ሳምንት ከጾመ ሆድ ውስጥ ጥልቅና ለስላሳ ድምፅ ወጣ። «ዱምምም።» ምድሩ ከሥር የሚያንጎራጉር መሰለ። አምስቱ ድምፆች የሚቆሙበት መሬት አገኙ። ድኩላዎቹ ከወንዙ ዳር መጡ፣ ጃርት እሾኋን ሰብስባ ተቀመጠች፣ አያ አንበሶ ራሱ እንባውን በጎፈሩ ጠረገ። እንዴት ያምር ነበር! እኔ የምለው ቃል አጥሮኝ እንጂ የሰማው ሁሉ እስከ ዛሬ ይናገረዋል።

አያ ጅቦ ዓይኑ ፈጠጠ። ከእሱ አፍ ከማላመጥና ከማስካካት ሌላ ነገር ወጥቶ አያውቅም ነበር። ክሩ በተነካ ቁጥር ድምፁ ከጥርሱ ተነስቶ እስከ ጭራው ይወርድለታል። አፉን ትንሽ ገጠም ሲያደርግ ድምፁ ይታፈናል፣ ሲከፍት ይሞላል። እንደገና ከፈተ፤ የበለጠ ከፈተ።

እመት ቀበሮ ከኋላው ጆሮው ሥር ሹክ አለችው። «ምን ትጠብቃለህ? ሳምንት ሙሉ አልበላህም። አህያው አፍንጫህ ሥር ነው፣ ክር ነክሶ መራገጥ እንኳ አይችልም። አፍህን አንዴ ብቻ ግጥም አድርግ!»

አህያው ሰማ። እንዲያ የሚሰማ ጆሮ ይህን እንዴት ይስታል? ግን ክሩን ከለቀቀ ድምፁ እንደሚወድቅ ያውቃልና ጥርሱን አጥብቆ ዓይኑን ጨፈነ።

አያ ጅቦ አፉን ሳይገጥም፣ ምራቁ በአገጩ እየወረደ፣ ከጉሮሮው ተናገረ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ! አፌን ከዘጋሁ እኮ ድምፁ ይጠፋል።»

አያ አንበሶም ይህን ሲሰማ ፍርዱን ለመስጠት ዜማው እስኪያልቅ አልጠበቀም። «አህያው ይኖራል» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ አብሮ ሲሆን ብቻ የሚያምርን ነገር ቆራርሶ የሚካፈል ሰው ክሩን ይዞ ቤቱ ቢገባም ድምፁን ግን ይዞ እንደማይገባ ነው።