የአያ ቢሻው ዶሮ እግር

ልጄ ኢዮስያስ በጥር ሞተ፤ ስድስት ዓመቱ ነበር።

የአያ ቢሻውን ቀልዶች የሚያስነግረኝ እሱ ነበር፤ ካልሲውን ሳለብሰው አንድ፣ ጫማውን ሳስርለት አንድ። የምሠራው ወይራ አምባ፣ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነው። እዚህ ቢላ የሚገዛ ሰው ዛሬም ቢላ አለ ወይ አይልም፤ ዶሮ እግር አለ ወይ ይላል። አሁን ቢላው የሚመጣው ከፋብሪካ፣ በካርቶን ታሽጎ ነው። ብረቱ ላይ ሦስት ጭረት አለበት፤ አንዳንዱ ላይ አራት። ካርቶኑ ሲከፈት ልጄ ጭረቶቹን ይቆጥር ነበር። ሦስት ከሆነ «የአያ ቢሻው»፣ አራት ከሆነ «የሌባው» ይላል።

ቀልዶቹን ከአባቴ እንደ ሰማኋቸው እጽፋለሁ፤ አባቴም የሰማቸው ከአባቱ ነው።

አያ ቢሻው የድሮ ሰው ነው፤ የወይራ አምባ ቀጥቃጭ። በዚያ ዘመን ቢላ ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ ቢላ የተሰበረበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱ ያልሠራውን ጭምር የአንተ ነው ይለዋል። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ አባራ፣ ደጃፉ ላይ ዶሮ በጭቃው ተራመደች። አንድ ልጁ ውቤ ዱካዋን አየና ዶሮዋ ፈርማ ሄደች ብሎ ሳቀ። አያ ቢሻው በማግሥቱ በሠራው ቢላ ላይ ሦስት ጭረት መታ። የደብሩ አለቃ አይተው አልወደዱትም። መስቀል እያለ፣ አንበሳ እያለ፣ እንዴት ዶሮ ትመርጣለህ ብለው ጠየቁት።

«አንበሳው የጌቶች ነው፣ መስቀሉ የእርስዎ ነው፤ ቢላዬን አሳምራ የምታውቀው ዶሮ ናት፣ እሷ ትፈርምልኝ።»

ፊታውራሪ ወሰኔ ለግብር አሥራ ሁለት ቢላ አዘዙ። አያ ቢሻው ይዞ ሲገባ ጥሬ ሥጋ ቀርቦ ነበር። የቀጥቃጭ ዓይን ሰው ይበላል የሚባልበት ጊዜ ነበርና ፊታውራሪ ሥጋውን በነጠላ አስሸፈኑ። ቢላውን በሩ ላይ አስቀምጥና ዓይንህን ከማዕዴ አንሣ አሉት። አያ ቢሻው ቢላዎቹን አንድ በአንድ ደረደረና፣

«ጌታዬ፣ ዓይኔ የሚበላ ቢሆን ኖሮ ቢላ ምን ያሠራኝ ነበር?» አለ።

ከዚያ በኋላ ነጠላው ተነሣ ይባላል። አባቴ ግን አልተነሣም ይላል።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ቀኑን ሙሉ ዋርካ ሥር ተቀምጦ የሚውል ሰው ነበር። አያ ቢሻው ከሰል ተሸክሞ ሲያልፍ፣ አንተ ባለ እጅ፣ መንገድ ልቀቅ አለው።

«እኔስ ባለ እጅ ነኝ፤ እርስዎ ባለ ምን ነዎት?»

ግራዝማች እጅጉ ንፉግ ነበሩ። በቅሏቸው ታማ፣ ብትድን ለገብርኤል ሙክት ሊሰጡ ተሳሉ። በቅሎዋ ዳነች። ሦስት ዓመት አለፈ፤ ሙክቱ ከጋጣው አልወጣም። አንድ ሰኞ ግራዝማች ቢላቸው በነፃ እንዲሳልላቸው ፈልገው ገበያ መሃል መጡ። ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ ቢሻው፣ ስለትህ አይቆይም አሉት።

«የእርስዎ ይቆያል ግራዝማች፤ ገብርኤል ሦስት ዓመት ሙሉ እየጠበቀው ነው።»

ባሻ ዘርጋው ነጋዴ ነበር። ከባሕር ማዶ ቢላ አመጣ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ነጭ እጀታ ያለው። ሴቶች ወደ እሱ ጎረፉ። አያ ቢሻው በዚያ ሳምንት የሰኞ ገበያ አንድ ማጭድ ብቻ ሲስል ዋለ። ባሻ ዘርጋው ይህ አልበቃውም። የቢሻው ቢላ ቢሻው ይቆርጣል፣ ባይሻው ይተዋል እያለ በስሙ ያሾፍ ጀመር። ገበያው ሳቀ። አያ ቢሻው ከማጭዱ ቀና አላለም።

«ልክ ነዎት ባሻ፤ የእኔው ቢሻው ይቆርጣል። የእርስዎ ግን ቢሻውም አይችል።»

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮ ሲገነጠል ነጩ እጀታ በየቤቱ ተነቀለ። አሥራ ሁለቱን ብልት ሳይጨርስ ስድስተኛው ላይ ያቆመው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲያ ዶሮ እግር የሁለት ቀን መንገድ ተሂዶ የሚገዛ ዕቃ ሆነ።

ባሻ ዘርጋው በዕቃው ሲሸነፍ ወደ ምልክቱ ዞረ። ሌላ ቀጥቃጭ ቀጥሮ ቢላ አሠራና የዶሮ እግር አስመታበት፤ ጭረቱን ግን አራት አደረገው። ቀጥሎ አያ ቢሻውን ከሰሰ። ዶሮ አራት ጣት አላት፤ እውነተኛው ምልክት የእኔ ነው፣ የእሱ ሐሰት ነው፣ መምቻው ይወሰድልኝ አለ። መምቻው ጭረቱ የሚመታበት አጭር ብረት ነው። እሱ ከተወሰደ የአያ ቢሻው ቢላ እንደ ማንም ቢላ ነው።

ዳኛው ዶሮ አስመጡ። እግሯን ይዘው ቆጠሩ፤ ሦስት ከፊት፣ አንድ ከኋላ፤ አራት። ባሻ ዘርጋው ፈገግ አለ። ውቤ የአባቱን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ። ዳኛው አያ ቢሻውን፣ እህ፣ ምን ትላለህ አሉት።

«ቆጠራው ትክክል ነው ጌታዬ። አራተኛው ጣት ከኋላ ነው፤ ከኋላ የመጣውም ማን እንደሆነ ታየ።»

ዳኛው ዶሮዋን ለቀቋት። መምቻውም ለአያ ቢሻው ቀረ።

ኢዮስያስ ይህን ሁለቴ ያስነግረኝ ነበር። የሚቀጥለውን ነግሬው አላውቅም።

ውቤ በትክትክ ታሞ ሞተ። አያ ቢሻው ሌላ ልጅ አልነበረውም። በሠልስቱ ባሻ ዘርጋው ለቅሶ ደረሰ። እግዜር ያጥናህ አለና ተቀመጠ። ንፍሮ ቀረበለት፤ በላ። ሲጨርስ እጁን አራገፈና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣበትን ጀመረ። እንግዲህ ወራሽ የለህም፤ ምልክቱ ከአንተ ጋር አፈር ከሚገባ ለእኔ ሽጥልኝ፣ ለማን ብለህ ታስቀምጠዋለህ አለው።

ለቀስተኛው ሰምቷል። አያ ቢሻው መልስ አያጣም፤ በዚያ ቀን ግን መልስ የጠበቀ ሰው አልነበረም። አንገቱን ከደፋበት ቀና አለ።

«ዶሮዋን ከሆነ ይውሰዷት ባሻ። ዱካው ግን አይሸጥም፤ ከሄደው የቀረኝ እሱ ነው።»

ባሻ ዘርጋው ወጣ። ለቀስተኛውም ቀስ በቀስ ተበተነ። አያ ቢሻው ተነሥቶ ወደ ወናፉ ሄደ። ውቤ ከመታመሙ በፊት የተቀጠቀጠ አንድ ቢላ ምልክት ሳይመታበት ተቀምጦ ነበር። መምቻውን አነሣና መታበት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።