ምንም የማይሸተው ገንዳ

አንድ ጊዜ በቀይ ባሕር ዳር፣ ዛፍ በማይበቅልበት የጨው ሜዳ ላይ፣ ዓሣ የሚያሳድግ ጅብ ነበር። ዓሣ የሚበላ አላልኩም፤ የሚያሳድግ ነው ያልኩት። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም፤ የገዛ ዘመዶቹም አላመኑም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ጅቦ አንድ ጠዋት የሚበላ ፍለጋ በባሕሩ ዳር ሲንከራተት፣ ማዕበል ጥሏት የሄደ አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ በትንሽ ኩሬ ውስጥ አገኘ። ጣት ብታክል ነው። አፉን ከፍቶ ጎንበስ ሲል፣ ዓሣዋ ትሸሻለች ሲባል መጥታ አፍንጫውን ነካ አደረገችው። አያ ጅቦ ክው ብሎ ቀረ። በዚያ አገር ድምፁን ሰምቶ እግሬ አውጪኝ የማይል ፍጥረት አልነበረም። ፍየል ይሸሻል፣ ጥንቸል ትሸሻለች፣ ሠርግ ቤት ብቅ ሲል ሙሽሮቹ ሳይቀሩ በጓሮ በር ይወጣሉ። እሱን ብላ የመጣች እሷ ብቻ ናት። በጅብ ዘር ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጅብ የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ።

ስሟን ሚጢጢ አላት። ከተሰበረ መርከብ የወጣች አንዲት ትንሽ የመስታወት ሣጥን ነበረችው፤ እሷን የባሕር ውኃ ሞላና፣ ኮራል የበቀለባቸውን ድንጋዮች ከነዝቃጫቸው ጎልቶ ሚጢጢን አስገባት። ድንጋዮቹ አረንጓዴ ጺም ያወጡ፣ ጥቃቅን ነፍሳት የሚርመሰመሱባቸው፣ ሽታቸው ከሩቅ የሚጣራ ነበሩ። ለአያ ጅቦ ግን ከዚያ ሽታ የሚበልጥ ሽቶ በዓለም ላይ አልነበረም።

ውኃውን ከባሕር የምታመላልሰው አህዪት ነበረች። «አህያ ደግሞ ለጅብ ውኃ ትቀዳለች?» ብላችሁ እንደሆነ፣ እሷም መጀመሪያ ላይ ራሷን የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ነገር ግን አያ ጅቦ ከሚጢጢ ጋር ከተወዳጀ ወዲህ፣ «አህያ ስበላ ብታየኝ ምን ትለኛለች?» እያለ ራሱን በሞተ ከብት ብቻ ወስኗል። አህዪት ይህን ስትሰማ፣ በአገሩ ውስጥ የሚጢጢን ጤና አብዝታ የምትመኝ ፍጥረት ሆነች። በየማለዳው ትመጣለች፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች ውኃውን ታወርዳለች፣ ከዚያም «ልጅቷ እንዴት አደረች?» ትላለች። «ደህና ናት» ሲባል ነው ትንፋሿ የሚመለሰው።

አንድ ቀን ንጉሡ አንበሳ በዚያ ሲያልፍ ወደ ዋሻው አንገቱን አስገብቶ ሣጥኗን አየ።

«ይቺው ናት?» አለ። «ይሁን፤ ከአደን ስመለስ ደግሞ ጎራ እላለሁ።»

ሄደ። «ይቺው ናት?» የምትለው ቃል ግን አልሄደችም። አያ ጅቦ ሲበላ ትሰማዋለች፣ ሲተኛ ትሰማዋለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ የነበረችው ሣጥን በአንድ ጊዜ የሽሮ ድስት አከለችበት።

ይህን ወሬ የሰማችው ቀበሮ እየተውረገረገች መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ንጉሡ ናቁኝ፣ እሜቴ ቀበሮ። ይቺው ናት አሉኝ።»

«ታዲያ ተሳሳቱ እንዴ? አንተን የሚያህል ጅብ ይቺን የምታህል ሣጥን ይዞ! እኔ ራሴ አፈርኩልህ። ስማኝ፣ በዚያ በተሰበረው መርከብ ሆድ ውስጥ አንተን ከነእናትህ የሚያጥብ የመስታወት ገንዳ አለኝ። ውሰደው።»

«በምን?»

«በነጻ ነዋ! ጎረቤት ለምንድን ነው?»

ትንሽ የሚያስብ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይሮጥ ነበር። ቀበሮ በነጻ የሰጠችው ነገር በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። አያ ጅቦም ሮጠ፤ የሮጠው ግን ወደ ገንዳው ነው።

ገንዳው ዋሻ ውስጥ ሲቆም ግማሹን ዋሻ ያዘ። አህዪት ውኃ ስታመላልስ ጀርባዋ ተላጠ። ቀበሮ ደግሞ ከዳር ቆማ ታዛለች።

«ድንጋዮቹን አጥብ! ይህን ዝቃጭ ነው ንጉሥ የምታሳየው?»

«ሽታቸውስ?»

«ያዋረደህ ሽታቸው ነው!»

አያ ጅቦ ድንጋዮቹን በአሸዋ ፈተጋቸው፤ እንደ ገዛ ጥርሱ እስኪነጡ ፈተጋቸው። በአሮጌዋ ሣጥን ውስጥ የቀረ አንድ ጺማም ድንጋይ ነበር። «እሱን ከነሣጥኑ፣ ከነግማቱ ገደል ጨምረው» አለችው። ተሸክሞ ወጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ለመሰናበት ያህል አንድ ጊዜ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። አንጀቱ እምቢ አለው። ጅብ የሚሸት ነገር መጣል አይሆንለትም፤ ተፈጥሮው ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ሣጥኗን ከነውኃዋ ዋሻው ጓዳ፣ ከአጥንት ክምሩ ጀርባ ሸሸጋት። ከዚያ ወዲህ አህዪት ካመጣችው ውኃ የተረፈውን እዚያ እየጨመረ፣ ሲከፋው ሄዶ ያሸታት ጀመር።

ሚጢጢ አዲሱ ገንዳ ውስጥ ስትገባ የት እንደደረሰች ጠፋች።

«አየህ?» አለች ቀበሮ። «ቤቱ ባዶ መሰለ። ዓሣ ጨምርበት እንጂ! እኔ ውኃ አይስማማኝም፤ አንተ ግባና ያዝ።»

አያ ጅቦ ባሕሩ ውስጥ እስከ አንገቱ ገባ። ቢጫ ያዘ፣ ሰማያዊ ያዘ፣ ባለ መስመር ያዘ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከገንዳው ዶላቸው።

«አያ ጅቦ፣ አልበዛም?» አለች አህዪት ከበሩ ላይ።

«አንቺ ደግሞ! ገና ስንት ባዶ ቦታ አለ!»

በማግስቱ ቢጫው ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ተገኘ። ቀበሮ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተፍ አለች።

«ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ቢጫዬን!» እያለች ደረቷን ደቃች። «አንተ አትየው፣ ሆደ ቡቡ ነህ። እኔው ወስጄ እቀብረዋለሁ።»

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አላት አያ ጅቦ እንባውን እየጠረገ።

በማግስቱ ሰማያዊው ሞተ፤ ቀበሮ አለቀሰች፣ ወስዳ ቀበረች። ቀጥሎ ባለ መስመሩ። አያ ጅቦ የሞተውን ለመተካት በየቀኑ ባሕር ይገባል፣ ቀበሮ በየማለዳው ለቀብር ትመጣለች። አቤት የሷ ሐዘን! ሰው ሐዘን ያከሳዋል፤ እሷን ግን ጉንጯን ሞላላት፣ ጸጉሯን አወዛላት።

ከዚያ ተራው የሚጢጢ ሆነ።

አንድ ጠዋት አያ ጅቦ እንደ ልማዱ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ሚጢጢ አልመጣችም። ከነጩ ድንጋይ ሥር በጎኗ ተኝታ፣ አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች። ቀለሟ ገርጥቷል። «ሚጢጢ?» አለ ቀስ ብሎ። እንዳይጮህ ፈርቶ ነው፤ የሱ ጩኸት አገር ያባርራል።  ያኔ አያ ጅቦ ያንን ግዙፍ ገላውን መሬት ላይ ዘርግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ደግሞ ብቻዬን ልቀር ነው፣ ደግሞ ሁሉም የሚሸሸኝ ልሆን ነው ብሎ አለቀሰ።

አህዪት ከበሩ ላይ ሆና ሰማች። «እባክሽ ልጄ፣ ለእኔ ስትይ እንኳ አትሙቺ» ብላ ለመነቻት። ከልቧ ነበር።

ቀበሮ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች።

«ወይኔ ሚጢጢዬ! ወይኔ የቤቱ መብራት!»

«ኧረ ገና አልሞተችም!»

«ይሁን፣ እያለቀስኩ እጠብቃለሁ» አለችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አፏን ከፍታ፣ ፊቱ ላይ እየተነፈሰች ስታነባ፣ አያ ጅቦ ማልቀሱን አቆመ። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቢጫው ሸተተው። ቀጥሎ ሰማያዊው። ቀጥሎ ባለ መስመሩ። ጭንቅላቱን ማንም ያታልለዋል፤ አፍንጫውን ግን እስካሁን ያታለለ የለም።

«እሜቴ፣ ለመሆኑ የት ነው የቀበርሻቸው?»

«እዚያ ማዶ፣ ከዛፉ ሥር።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ለሱ ከባድ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ቆየ።

«በዚህ አገር እኮ ዛፍ የለም» አለ።

ቀበሮ ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ሆድሽ ውስጥ ነው የቀበርሻቸው! ውጪ ከቤቴ! ሂጂ አፍንጫሽን ላሺ!»

እንዴት እንደወጣች አላየናትም፤ የነጠላዋ ጫፍ ብቻ በሩ ላይ ተቀዶ ቀረ።

አያ ጅቦ ወደ ገንዳው ተመለሰ። አፍንጫው እንደነቃ ነውና ውኃውን አሸተተው። ምንም። ድንጋዩን አሸተተ። ምንም። ገንዳው ያበራል፣ ያንጸባርቃል፣ ግን ምንም አይሸትም። ለጅብ ደግሞ ምንም የማይሸት ነገር ቤት አይባልም። ወዲያው እየሮጠ ጓዳ ገባ፤ ከአጥንቱ ጀርባ አሮጌዋን ሣጥን ጎትቶ አወጣና ሚጢጢን በመዳፉ አቅፎ ከዚያ ጺማም ድንጋይ አጠገብ አኖራት። የቀሩትን ዓሦችም አንድ ሳያስቀር ወደ ባሕር መለሳቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አያ ጅቦ ምክንያቱን አላወቀም። ዝቃጭ ብለው ያጠቡት ነገር ዓይን የማያየው ሕዝብ ነበር፤ ዓሣው የሚያቆሽሸውን እየበላ ውኃውን የሚያኖር ሕዝብ። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ይሸታል፣ እዚህ ሞቶ የሚያውቅ የለም።

ሳይበላ ሳይጠጣ አጠገቧ ተቀመጠ። አህዪትም ከበሩ አልተነቃነቀችም። በማግስቱ ፀሐይ ወደ ዋሻው ስትገባ፣ ሚጢጢ ከድንጋዩ ጀርባ ብቅ አለች፤ ተንቀጥቅጣ፣ ዘንበል ቀና ብላ፣ መጥታ አፍንጫው ያለበትን መስታወት ነካ አደረገች። አያ ጅቦ በደስታ እሪ ሲል አገሩ ሁሉ ሸሸ። አህዪት ብቻ ቀረች፤ እሷም የቀረችው እግሯ ደንዝዞባት ነው።

ብዙም ሳይቆይ የንጉሡ ግሳት ተሰማ። ቀበሮ ከንጉሡ ጭራ ሥር ሆና «ባዶ ገንዳ ሊያሳይዎት ነው የሚጠብቅዎት!» እያለች ታራግባለች። አያ ጅቦ ትልቁን ገንዳ አየ፣ ትንሿን ሣጥን አየ። «ለአንዲት ደቂቃ ብቻ፣ እሳቸው እስኪያልፉ» ብሎ እጁን ወደ ሚጢጢ ሰደደ። እሷም መዳፉ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ አመነችው። መልሶ አስቀመጣት።

አንበሳ ገባ።

«ትልቁ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ገና ስላልሸተተ ነው፣ ጌታዬ።»

ቀበሮ ሳቋን መያዝ አቃታት። አንበሳ ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ታዲያ ያለህ ይቺው ናት?»

«አዎ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ አፉን ሞልቶ። «ይቺው ናት።»

አንበሳ ሊያፌዝ ጎንበስ አለ። ሚጢጢ ያን ሁሉ ጎፈር፣ ያን ሁሉ ጥርስ አየችና መጥታ ከአፍንጫው ፊት ለፊት ያለውን መስታወት ነካች። ንጉሡ ባለበት ቆመ። አገር ከጅብ ይሸሻል ካልን፣ ከአንበሳማ ጅቡም ይሸሻል። ዙፋኑን ከበው የሚቆሙት እንኳ መሸሹን ፈርተው ነው የቆሙት።

«ከእኔ… አትሸሽም?» አለ ቀስ ብሎ።

«አትሸሽም ጌታዬ።»

አንበሳ ተቀመጠ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ አያ ጅቦ ጺማሙን ድንጋይ ለሁለት ሰብሮ፣ አንዱን ከትልቁ ገንዳ ጥግ አኑሮ፣ ሌላውን ስባሪ ደግሞ ለሚጢጢ አስቀርቶ፣ ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ባዶ ነገር አይቶ የታገሠ የመጀመሪያው ጅብ እሱ ነው። አረንጓዴው ጺም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ተሻገረ፣ ክረምት አለፈ፣ አንድ ቀንም ገንዳው በደንብ ሸተተ። ሚጢጢ ያኔ ገባች። ቆይቶ አንድ ጓደኛ፣ ደግሞ ቆይቶ ሌላ።

ንጉሡም በየማለዳው ባሕር ዳር ጎንበስ ብሎ በየኩሬው ሲያማትር ይታይ ጀመር። አህዪት የጭነቷ ብዛት ጨመረ፣ የሚበላት ግን ቀነሰ፤ ስለዚህ አላጉረመረመችም። ቀበሮ ለንጉሡም «ድንጋዩን ያሳጥቡ» ልትል ሄዳ ነበር፤ ንጉሡ ግን ቀድሞ አያ ጅቦን አስጠርቶ «ምን ላድርግ?» ሲል ጠይቆታል።

«ይሽተት ጌታዬ» አለው አያ ጅቦ። «ብቻ ይሽተት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለአላፊ አግዳሚ ዓይን ብለን ቤታችንን ስናሰፋና ስናሳምር፣ ያን ቤት በሕይወት ያኖረውን ነገር እንደ ቆሻሻ አጥበን እንዳናስወግደው መጠንቀቅ እንዳለብን ነው።