ክኒን ስላልዋጠ የተሸለመው ግንበኛ

አንድ ደምስሰው የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። በከተማው በሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ የተያዘው ሰው ሲበዛ አይቶ በራሱ ገንዘብ የሕክምና ቤት አሠራ።

አንድ ቀን ሳይናገር ድንገት ሊጎበኝ ገባና ያየውን ማመን አቃተው። ውብሸት የተባለ ግንበኛ መሃል ቆሟል፤ ሕመምተኞቹ ያጨበጭቡለታል። ይህ ሰው ከፎቅ ወድቆ ለወገቡ ሕመም የጀመረው ክኒን ቤቱን አራቁቶታል፤ የጓዳውን በር ሳይቀር ነቅሎ ሸጧል። በዚያ ሳምንት ግን የሽንት ምርመራው ከክኒን ንጹሕ ሆነ። ነርሷ ሲስተር ውዴነሽም «ሳምንቱን ሙሉ ክኒን አልዋጠም» ብላ አዲስ ፔርሙዝ ሸለመችው።

«ምንድን ነው የማየው?» ብሎ ጮኸ ነጋዴው። «መርዝ ስላልዋጠ ይሸለማል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልዋጥኩም፤ ማን ሸለመኝ?»

«ጋሼ፣ እርስዎን ክኒኑ አይጠራዎትም» አለች ሲስተር። «እነሱን ቀን ከሌት ይጠራቸዋል። ክኒኑ ደስታውን አሁኑኑ ይሰጣል፤ ጤና ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መድኃኒቱንም ምክሩንም እንሰጣለን። ሽልማቱ ጤናው እስኪደርስ ያቆያቸዋል።»

«ትልቅ ሰው በስጦታ አይታለልም! ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።»

ሽልማቱ ቀረ። ሰዎቹም አንድ በአንድ መምጣት ተዉ፤ ውብሸትም ጠፋ። ታግሦ በቆየበት ጊዜ ሰውነቱ ክኒኑን መሸከም ረስቶ ኖሮ፣ እንደ ድሮው አብዝቶ ቢውጥ በተኛበት ቀረ።

ነጋዴው ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ቤቱ ወና ነው። አንዲት መደርደሪያ ላይ ብቻ ፔርሙዙ፣ ጃንጥላ፣ ብርጭቆዎችና የልጅ ጫማ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ሽልማቶች ናቸው።

«ምነው እነዚህን አልሸጣቸውም?» ሲል የሟቹን ሚስት ጠየቃት።

«በመጨረሻው ቀን እንኳ አልነካቸውም» አለች እንባዋን እየጠረገች። «‹አሸንፌ ያገኘኋቸው ናቸው› ይል ነበር። ሽልማቱ የቀረ ዕለት ግን ‹ለካ ማሸነፌን የሚያይልኝ የለም› ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።»

ነጋዴው ክው አለ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። በማግስቱ ሽልማቱ እንዲመለስ አዘዘ፤ ግንበኛው ግን አይመለስም።

ሰው ሲወድቅ ሁላችንም እናያለን፤ ለመነሣት ሲታገል የሚያየው ግን ጥቂት ነው። ለጤነኛ ሰው ከቁም ነገር የማይገባ እርምጃ ለታመመው ዳገት ነው። ያንን እርምጃ አይቶ ማክበር ማባበል አይደለም፤ ሕክምና ነው።

እኛስ፣ በቤታችን ላለው ደካማ ሰው ጥፋቱን ከመንገር አልፈን፣ ሳያጠፋ የዋለበትን ቀን አይተንለት እናውቃለን?