ሽሽት የተማረው ፈረሰኛ

ጠጋ በሉ ልጆች። በድሮ ዘመን ደርበው የሚባል ፈረሰኛ ነበር። ክንደ ብርቱ ነው፤ ግን ግትር።

የደርበው መንደር ከወንዝ ማዶ ሰዎች ጋር አንድ መስክ ይጋራል። መስከረም ሲጠባ ሁለቱ መንደሮች ጉግስ ይገጥማሉ። አንዱ ፈረሱን እየጋለበ ይሸሻል፤ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውርበታል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ያሸነፈው መንደር ከብቱን አስቀድሞ ወደ መስኩ ያስገባል። የተሸነፈው ትርፍራፊ ሣር ያስግጣል።

ደርበው ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸነፈ። የማዶው ወንድይፍራው መታው። የመንደሩ ላሞች አጥንታቸው ወጣ፤ ልጆች ወተት አጡ።

ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጠዋት ይወረውራል፤ ቀትር ላይ ይወረውራል፤ ማታ ይወረውራል። ድሮ እጁ ቀን በቀን ይሰላ ነበር። ኋላ ግን ባለበት ቆመ። ዘንግ ቢለውጥ፣ ያው። ኮርቻ ቢለውጥ፣ ያው። ፈረስ ቢለውጥ፣ ያው።

«ምን ነካኝ?» አለ። ከቁጭቱ ይልቅ ነገሩ ገረመው።

አያ ቢሻው ዘንድ ሄደ። በጉልምስናቸው ጉግስ ያውቁ የነበሩ፣ ተንኮል የማያጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ፣ እጄ ለምን ቆመ?»

«ሽሽት ማን አስተማረህ?»

«ሽሽት ደግሞ ይማሩታል እንዴ! ነውር አይደለም?»

«እንግዲያው በጋውን ሙሉ ዘንግ እንዳትነካ። ጎረምሶቹ ያባርሩህ። አንተ ሽሽ፤ ዞረህም እያቸው።»

«ምናቸውን?»

«እሱንማ አንተ ትነግረኛለህ።»

ደርበው አፈረ። ግን «ምናቸውን?» የሚለው አላስቀምጥ አለው። ሸሸ።

«ደርበው ጥንቸሉ! ጎመን እናምጣልህ?» እያሉ ሴቶቹ ከአጥር ላይ ሳቁበት።

መጀመሪያ ዞር ሲል ዘንጉን ብቻ አየ፤ ጀርባውን ተመታ። ቆይቶ ክንዱን አየ፤ አሁንም ተመታ። በኋላ ግን እግር አየ። ፈረሰኛው ሊወረውር ሲል እርካቡን ረግጦ ከኮርቻው ብድግ ይላል። ሁሉም ብድግ ይላሉ!

እየሮጠ ሄዶ ለአያ ቢሻው ነገራቸው።

«አንተስ?» አሉት።

ደርበው ወደ ገዛ እግሩ አየ። ለካ ክንዱ አልነበረም የከዳው። ዕድሜውን ሙሉ ብድግ ባለ ቁጥር «ልወረውር ነው፣ ተጠንቀቅ!» እያለ ኖሯል።

«ታዲያ አያ፣ ለምን ያኔውኑ አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ከዚያ ወዲያ ኮርቻው ላይ ቁጭ እንዳለ መወርወር ጀመረ። ባሰበት። ዘንጉ ከፈረሱ ጆሮ አላልፍ አለ። እሱ ግን አልተወም፤ ዝናብ መጣ፣ አልተወም፤ እጁም እንደገና ይሰላ ጀመር።

መስከረም ጠባ። ወንድይፍራው እያባረረው መጣና ከኮርቻው ብድግ አለ። ደርበው ጎንበስ! ዘንጉ ሣር ላይ ወደቀ።

ተራው የደርበው ሆነ። ወንድይፍራው እየሸሸ ዞር አለ፤ የደርበውን ብድግታ ጠበቀ። ብድግታው አልመጣም። ዘንጉ መጣ እንጂ። ጀርባው ላይ ዷ!

የደርበው መንደር ላሞች መስኩን ቀድመው ገቡ። የመጀመሪያው እርጎ ለአያ ቢሻው ሄደ።

ወንድይፍራው ቀረብ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ የመድኃኒተኛህን ስም ንገረኝ» አለ።

«መድኃኒት የለውም። ሽሽት ተምሬ ነው።»

«መደበቅህ ነው? እኔን ወንዱን ሽሽት ተማር ትለኛለህ!»

ተቆጥቶ ሄደ። ዓመቱን ሙሉ ዘንግ ሲወረውር ከረመ። በዓመቱም ጀርባው ላይ፣ ዷ!

አያችሁ ልጆች? የቆመ እጅ በድካም ብቻ አይነሳም። የናቁትን መሞከር ነው። ሰው የራሱን ጉድ የሚያየው ከሌላው ወገን ሆኖ ነው።

እኔ የሰማሁት ይኸው ነው። እናንተም ለታናናሾቻችሁ አድርሱ።