የረቺው ድንጋይ

ከደረቄ ወንዝ ማዶ፣ ጭንጫው ላይ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያወርዳቸው የማይችል ትልልቅ ድንጋዮች ተደርድረዋል። በሌላው አገር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነው የበደለ ሰው ነው፤ በደረቄ ግን ዘመዳሞች በርስት ሲካሰሱ የሚሸከመው የረታው ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ይህን ልማድ ያመጣው፣ ነገሥታቱ ድንኳን እየተከሉ ከአገር አገር ይዞሩ በነበረበት ዘመን አካባቢውን ይገዛ የነበረው አዛዥ ሰርጸ ጽዮን ነው። አባቱ በሚያጣጥርበት ሰዓት የወንዝ ዳሩን ማሳ ለታናሹ ልጁ ለታዴዎስ ተናዝዞለት ነበር፤ ኑዛዜውን የሰሙት ግን ሰርጸ ጽዮንና የነፍስ አባታቸው ብቻ ነበሩ፣ የነፍስ አባቱም ዓመት ሳይሞላ ሞቱ። ክርክር ሲነሳ ሰርጸ ጽዮን ወንጌል ጨብጦ «አልሰማሁም» ብሎ ማለና ረታ። ታዴዎስ ዳኛውን እጅ ነስቶ ወጣ፤ ጭንጫው ላይ ጎጆ ቀለሰ።

የወንዝ ዳሩ ማሳ ለሰርጸ ጽዮን አልሰሰተም ይባላል፤ ጤፉ ያማረ ነበር። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ታዴዎስ ከልጅነቱ ጀምሮ ወንድሙን «ቅል ራሱ» እያለ ይጠራው ነበር፤ በግብር ላይ እንኳ፣ ሹማምንቱ ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ «ቅል ራሱ፣ ሥጋውን ብቻህን ልትጨርሰው ነው?» ሲለው አዳራሹ በሳቅ ይናጋ ነበር፣ ከሁሉም በላይ የሚስቀው ደግሞ ራሱ ሰርጸ ጽዮን ነበር። ከፍርዱ ወዲህ ግን ሁሉም «ጌታዬ» ይለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልሰደበውም።

በሦስተኛው ዓመት አዝመራው ሲደርስ አንድ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ወንዙን ተሻገረ። ታዴዎስ አጥሩን ሲጠግን ደረሰበት። ቀና ብሎ አየው።

«ጌታዬ፣ ለእኛ ቤት ጉልቻ አልጎደለንም።»

ሰርጸ ጽዮንን ከቀልዱ ይልቅ «ጌታዬ» መባሉ አቃጠለው። በማግስቱ ሁለት አሽከሮች ተጋግዘው ያሸከሙትን ድንጋይ ይዞ፣ ማንም እንዳይከተለው ከልክሎ መጣ።

«ሰምቻለሁ» አለ። «አባታችን ሲናገር ሰምቻለሁ። ማሳው ያንተ ነው።»

«እንግዲያው አውርደው።»

«ብቻዬን አልችልም። ብለቀው እግሬን ይሰብረዋል።»

ታዴዎስ የአጥሩን እንጨት እንደያዘ ቆመ፤ እንደሚነገረው የአጥሩ ጥላ ቦታውን እስኪለቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ተጠግቶ ትከሻውን ከድንጋዩ ሥር አስገባ።

«እንዴት እንደምታወርደው ሳታስብ ተሸከምክ? ድሮም ቅል ራስ ነህ እኮ!»

ሰርጸ ጽዮን ድንጋዩ ገና ሳይወርድለት ሳቀ፤ አለቀሰ የሚሉም አሉ።

ከዚያ ወዲህ በደረቄ ርስት የረታ ሰው፣ እውነት ይኑረውም አይኑረውም፣ ብቻውን የማያወርደውን ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ጭንጫው ይሄዳል፤ ተረቺውም እዚያ ይጠብቀዋል፣ ሲያሻው ያወርድለታል። ከድንጋዮቹ ጎን ግን በየዓመቱ ተጠርጎ የሚተው ባዶ ቦታ አለ። ገና ላልመጣው ረቺ ነው ይባላል።